ጣት ከማሳረፍ በፊት፦ በሕክምና ውስጥ መረዳትና ፈቃድ

ሰርዶ ከሰመራ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ አሰብ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ የአፋር ከተማ ናት። የመሬት ሳይንስ ተማሪዎች ስሟን የሚያውቁት በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. የደረሰው ነውጥና ከአንድ ሳምንት በኋላ መጋቢት 27 ቀን የተከተለው ሌላ ነውጥ ከተማዪቱን አፈራርሰዋታል፤ የሰው ሕይወትም አጥፍተዋል። ሁለቱም ነውጦች የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በመሠረቱት በአባ ፒየር ጉዊን የነውጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሰፍረው ይገኛሉ።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ መሬት አይደለም። ስለ ሕክምና ፈቃድ ነው። የፊዚክስ መምህራን ስለ ሕክምና ፈቃድ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ከዚያችው ከሰርዶ ይጀምራል።

ሳጥኑና ወረቀቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመሬት ነውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ ለመትከል ከተማሪዎቻችን ጋር ወደ ሰርዶ ሄደን ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የአፋር ልጅ ነው። ገና ከመኪና እንደወረድን አንድ አዛውንት ከጥላ ሥር ተነሥተው መጡና ከተማሪያችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ረዘም ያለ ንግግር ጀመሩ። ዘመዳሞች መሰሉን። ኋላ ስንጠይቅ ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው እንኳ አያውቁም። ንግግሩ አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የወሬ ልውውጥ ነበር። በዳጉ ሥርዓት ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተላልፈው አይሄዱም። ከወዴት እንደመጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ፣ ዝናብና ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ አገሩ ሰላም መሆን አለመሆኑን ይጠያየቃሉ። ያየ ያየውን፣ የሰማም ከማን እንደሰማ ይናገራል። የውሸት ወሬ ያቀበለ ሰው ዳግመኛ አይታመንም፤ በበረሃ የተሳሳተ ወሬ ከብትንም ሰውንም ይገድላልና።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። አዛውንቱ መሣሪያችንን ተመልክተው በተማሪያችን አማካይነት ይጠይቁን ጀመር። «ይህ ሳጥን መሬቱን ያናውጣል ወይስ ያዳምጣል?» አሉ። ያዳምጣል አልናቸው። «ማን ላከው? ስንት ጊዜ ይቆያል? የሰማውን ለማን ይናገራል? ለእኛስ ማን ይነግረናል? ባንፈልገው ይዛችሁት ትመለሳላችሁ?» እያሉ አንድ ሰዓት ያህል ጠየቁን። በመጨረሻም የሰማነውን መልሳችሁ ስሙ አሉና እኛ የነገርናቸውን በራሳቸው አገላለጽ ደገሙልን። አንድ ስሕተት ነበረበት፤ አረምነው። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው በማግሥቱ ጠዋት «ትከሉት» አሉን።

ሥራችንን ጨርሰን ስንሰናበት እኚሁ አባት አንድ ፌስታል ይዘው መጡ። በውስጡ አንድ የራጅ ፊልምና ጥቂት ወረቀቶች ነበሩ። አንደኛው ወረቀት በአማርኛ የታተመ የቀዶ ሕክምና የፈቃድ ቅጽ ሲሆን፣ ከግርጌው የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። ሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመውጫ ወረቀት ነው። «የተማራችሁ ናችሁና ይህ ምን እንደሚል ንገሩኝ» አሉን።

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነበር። አዛውንቱ ከኩላሊት ጠጠር ጋር በተያያዘ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት መንገድ እንዳይዘጋም አንድ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተደርጎላቸዋል። ቱቦው እንዲወጣ በስድስት ሳምንት ውስጥ መመለስ ይገባቸው ነበር። ወረቀቱ ከተጻፈ 14 ወር አልፎታል።

ፊልሙን ወደ ፀሐይ ብናነሣው ሁለቱም ጫፎቹ የተጠቀለሉ ነጭ መስመር ከአከርካሪው ጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል። በፊዚክስ እንደምንማረው፣ አንድ ቁስ ራጅን የመምጠጥ ችሎታው በአቶም ቁጥሩ ላይ እጅግ የተመሠረተ ነው። ሥጋችን በአብዛኛው የተሠራው የአቶም ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነው ከሃይድሮጅን (1)፣ ከካርቦን (6) እና ከኦክስጅን (8) በመሆኑ ራጁን ያሳልፋል። በአጥንትና በአብዛኛው ዓይነት የኩላሊት ጠጠር ውስጥ የሚገኘው ካልሲየም (20) ግን ይመጥጠዋል። ፕላስቲክም እንደ ሥጋ ራጅን የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ቱቦ በፊልም ላይ እንዲታይ ሲሠራ እንደ ባሪየም (56) ያለ ከባድ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። በሰውነታቸው ያለው ነገር እንዲታይ ይህን ያህል የታሰበበት ሆኖ ሳለ፣ በፊልሙ ላይ የማይታየው ለባለቤቱ ለራሳቸው ብቻ ነበር።

ከልክ በላይ የቆየ ቱቦ በላዩ ላይ ጠጠር ይጋገርበታል፤ ኩላሊቱንም ሊጎዳ ይችላል። እኛ ሐኪሞች ባንሆንም በቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለባቸው በተማሪያችን አፍ አስረዳናቸው። አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ጠጠሩን እንዳወጡልኝ አውቃለሁ። የተዉትን ነገር ግን የነገረኝ የለም» አሉ። ጣታቸውን ለምን እንዳሳረፉ ጠየቅናቸው። «እንዲያክሙኝ» አሉ፤ «ጣቱን ያላሳረፈ አይታከምም መስሎኝ።»

ለአንድ ሳጥን አንድ ሰዓት የጠየቁ፣ አንድ ሌሊት የመከሩ ሰው፣ ለገዛ ሰውነታቸው አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ጣታቸውን አሳረፉ። ይህ የዕውቀት ማነስ ነውን? ሳጥኑን የጠየቁት ሰውና ጣታቸውን ያሳረፉት ሰው አንድ ናቸው። የተለወጠው ቦታው ነው። በሰርዶ ጥያቄያቸውን በቋንቋቸው የሚሰማ ሰው ነበረ፤ እዚያ ግን አልነበረም።

ፈቃድ ማለት ምን ማለት ነው?

ለመሆኑ በመረጃ ላይ የተመሠረተ ፈቃድ የምንለው ምንድን ነው? በአጭሩ፣ አንድ ሰው በሰውነቱ ላይ የሚደረገውን ነገር ዐውቆና ተረድቶ፣ ማንም ሳያስገድደው ሲስማማ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ባለሙያዎች አምስት ነገሮችን ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ መረጃው መነገር አለበት፤ ይኸውም በሽታው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ጥቅሙና አደጋው፣ ሌላ አማራጭ መኖር አለመኖሩ፣ ምንም ባይደረግ ምን እንደሚሆንና ከሕክምናው በኋላ ምን እንደሚከተል ነው። ሁለተኛ፣ የተነገረው ሰው መረዳት አለበት። ሦስተኛ፣ የመወሰን አቅም ሊኖረው ይገባል። አራተኛ፣ ከማስገደድ ነጻ መሆን አለበት። አምስተኛ፣ ውሳኔውን ራሱ መግለጽ አለበት።

እነዚህ አምስቱ በተከታታይ እንደ ተያያዙ የኤሌክትሪክ አምፖሎች ናቸው። አንዱ ከተቃጠለ የቀሩት አራቱ ደኅና ቢሆኑም በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ አያልፍም። ፊርማ ወይም የጣት አሻራ የአምስተኛው ምልክት ብቻ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አምስተኛውን አይተን የቀሩት አራቱ እንደ ተፈጸሙ እንቆጥራለን።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ይህ ሐሳብ የተወለደው በመከራ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእስረኞች ላይ አሰቃቂ ሙከራ ያደረጉ የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ተፈርዶባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የኑረምበርግ ደንብ ወጣ። ደንቡ ከሁሉ አስቀድሞ ያስቀመጠው፣ በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ የሰውየው የገዛ ፈቃድ ግዴታ መሆኑን ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1964 የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ፤ መግለጫው ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል።

በተራ ሕክምና ረገድ ደግሞ ዛሬ በዓለም የተለመደው ስያሜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ነው። ነገሩ የእኛንም ሙያ ይነካል። አንድ ሕመምተኛ ትልቁ የደም ሥሩ በራጅ እንዲታይ መድኃኒት ተወግቶ ከተነሣ በኋላ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። እንዲህ ያለ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ አልተነገረውም ነበር።

መረጃን የሚሸሽግ ቃል ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳየው ደግሞ የአሜሪካው የተስኪጊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ያህል ጥቁር ወንዶች፣ ከእነርሱም 399ኙ የቂጥኝ ሕመምተኞች፣ በመንግሥት የጤና ባለሥልጣናት ክትትል ሲደረግባቸው ኖሩ። የተነገራቸው «መጥፎ ደም» አለባችሁ ተብሎ ነው። ፔኒሲሊን ፍቱን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ሰዎቹ የሚያውቁት ቃል ተነገራቸው፤ እውነቱ ግን አልተነገራቸውም።

በአገራችንም ሕጉ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በሐኪም መመርመርንም ሆነ መታከምን በማናቸውም ጊዜ እንቢ ለማለት እንደሚችል ደንግጓል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ የሚታዘዙትን እንደ ግዴታ ክትባት ያሉትን ግን ለይቶ አውጥቷቸዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006ም ሕክምና በታካሚው ፈቃድ ላይ እንዲመሠረት አዝዟል። እንግዲህ የጎደለን ሕግ አይደለም ማለት ነው።

አንድ መለኪያ ለሁሉም ባህል?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ይህ ሁሉ የምዕራባውያን ሐሳብ ነው፤ እነርሱ ግለሰብን ያስቀድማሉ፣ እኛ ግን ቤተሰብንና ጎሣን እናስቀድማለን የሚል ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

የባህል አጥኚዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሐኪሞች ክፉ የምርመራ ውጤትን ለታካሚው ፊት ለፊት መናገራቸው በስደተኞቹ ዘንድ እንደ ጭካኔ እንደሚቆጠር አሳይተዋል። አንባቢያችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓቱ ተመርጦ፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነው። በስልክ ወይም በመተላለፊያ ላይ ቆሞ መርዶ የሚናገር ሰው ሥርዓት የለሽ ይባላል። ስለ ሞት እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች ስለ ካንሰር በአምስት ደቂቃ ውስጥ በግልጽ ሲነገረን ብንደነግጥ አያስገርምም።

ሆኖም «ባህላቸው ነው» ማለትም የራሱ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሎስ አንጀለስ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 800 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ታካሚ የተሠራጨ ካንሰር እንዳለበት ሊነገረው ይገባል ያሉት ከአፍሪካ አሜሪካውያን 88 በመቶ፣ ከአውሮፓ ዘር ከሆኑት 87 በመቶ፣ ከሜክሲኮ ዘር ከሆኑት 65 በመቶ፣ ከኮሪያ ዘር ከሆኑት ደግሞ 47 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ በእርግጥ ሰፊ ነው። ነገር ግን 47 በመቶ ማለት ግማሽ ያህል ማለት ነው። አንድ ሐኪም «ኮሪያውያን እንዲነገራቸው አይፈልጉም» ብሎ ቢደመድም፣ ከሁለት ሰዎች በአንዱ ላይ ይሳሳታል። አማካይ ቁጥር ስለ ብዙኃኑ ይናገራል እንጂ በፊታችን ስለ ተቀመጠው አንድ ሰው አይናገርም። ስለ አንዱ ሰው የምናውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ራሱን መጠየቅ ነው። «ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ እንንገርዎ? ወይስ አስቀድሞ እንዲሰማልዎ የሚፈልጉት ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ባህልንም ሰውንም ማክበር ነው። አልስማ፣ ልጄ ይስማልኝ ያለ ሰው የገዛ ውሳኔውን ወስኗል። ሳይጠየቅ የተሸሸገበት ሰው ግን ውሳኔውን ተቀምቷል።

በዚህ ረገድ የወላይታው ምሳሌ ሊጠና የሚገባው ነው። ፖዶኮኒዮሲስ እሳተ ገሞራ ባመጣው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የእግር እብጠት በሽታ ነው። ሕመምተኞቹና ቤተሰቦቻቸው በጋብቻና በማኅበራዊ ኑሮ መገለል ይደርስባቸዋል። ፋሲል ተኮላ፣ ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው አንዱ በባዶ እግሩ እየሄደ ሲታመም ሌላው ለምን እንደማይታመም በዘር ውርስ በኩል ለማጥናት በተነሡ ጊዜ ወዲያው ቅጽ አላስፈረሙም። በመጀመሪያ ሕዝቡን ስለ ራሱ ስለ ፈቃዱ አነጋገሩ። ምን ያስፈራችኋል? ማንን ታምናላችሁ? ይህን ጥናት ምን ብላችሁ ትረዱታላችሁ? አሉ። «በዘር ነው» የሚለው ቃል መገለሉን ሊያባብስ እንደሚችል፣ ነዋሪው የሚያምነው ቀድሞ የሚያውቀውን የጤና ሠራተኛ መሆኑን ተረዱና የፈቃድ አጠያየቃቸውን በዚያው ልክ አዘጋጁት። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ፤ የዘር ጥናቱ ውጤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012። ማኅበረሰቡን ቀድሞ ማነጋገር የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ አልተካውም፤ ትርጉም እንዲኖረው ግን አደረገው።

መልእክት በመንገድ ላይ

ወደ ሙያችን እንመለስ። አንድ ሐኪም በእንግሊዝኛ የተማረውን ለነርሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል ይናገራል፤ ነርሱ ለአስታማሚው በአማርኛ ይናገራል፤ አስታማሚው ደግሞ ለሕመምተኛው በአፋርኛ ይተረጉማል። ለምሳሌ ያህል በእያንዳንዱ መተላለፊያ ከመልእክቱ ዐሥረኛው ክፍል ብቻ ይጠፋል ብለን እናስላ። በመጨረሻ የሚደርሰው 0.9 × 0.9 × 0.9 = 0.729 ነው። ከሩብ በላይ የሚሆነው በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። «ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» የምትለው አንዲት ዐረፍተ ነገር በጠፋው ሩብ ውስጥ ብትገኝ፣ የቀረው ሦስት አራተኛ ኩላሊትን አያድንም። አዋሽ ወንዝ ረዥም መንገድ ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እንደሚቀር፣ ብዙ የሕክምና መረጃም ከሐኪሙ አፍ ወጥቶ ከሕመምተኛው ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል።

የቋንቋ ነገር ከአገር ውጭም ተነሥቷል። በእስራኤል የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በመርፌ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ ምንነቱን በሚገባ ሳይረዱት ይሰጣቸዋል የሚል ቅሬታ ከቀረበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር የመርፌውን ውጤት ስለ መረዳታቸው ጥርጣሬ ላለባቸው ሴቶች ሐኪሞች መርፌውን እንዳያድሱና እንደ አስፈላጊነቱ አስተርጓሚ እንዲጠቀሙ አሳሰበ። በኋላ የተደረገው የመንግሥት ምርመራ የማስገደድ ማስረጃ አላገኘም። ነገር ግን ከላይ እንዳልነው አለመገደድና መረዳት ሁለት የተለያዩ አምፖሎች ናቸው። አንዱ መብራቱ ሌላው ለመብራቱ ማስረጃ አይሆንም።

ከቋንቋ ቀጥሎ የሚያስቸግረው ቁጥር ነው። «አደጋው አነስተኛ ነው» የሚለው አነጋገር ለመቶ ሰዎች መቶ ትርጉም አለው። «አደጋውን በእጥፍ ይጨምረዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1,000 ሰዎች በ1 ላይ ይደርስ የነበረ ነገር በ2 ላይ ቢደርስ እጥፍ ሆነ ይባላል፤ ከ100 ሰዎች በ20 ላይ ይደርስ የነበረው በ40 ላይ ቢደርስም እጥፍ ነው። በመጀመሪያው ከ1,000 ሰዎች አንድ ሰው ተጨመረ፤ በሁለተኛው 200 ሰዎች ተጨመሩ። ስለዚህ እጥፍና ከመቶ እያሉ ከመናገር ይልቅ «እንደ እርስዎ ያሉ ሺህ ሰዎች ቢታከሙ፣ በዚህን ያህሉ ላይ ይደርሳል» ማለት ይሻላል። ከብቱን በቁጥር የሚያውቅ አርብቶ አደር ይህን ከብዙዎቻችን ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል።

የማይታወቅን መለኪያ ወደሚታወቅ መለወጥም ይቻላል። የደረት ራጅ የሚሰጠው የጨረር መጠን 0.1 ሚሊሲቨርት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው ብንል ለሕመምተኛው ምንም አልነገርነውም። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረር ይቀበላል። እንግዲህ አንድ የደረት ራጅ ከ15 ቀን የተፈጥሮ ጨረር ጋር ይመጣጠናል። የሆድ ሲቲ ስካን 8 ሚሊሲቨርት ያህል ሊደርስ ስለሚችል ከሦስት ዓመት በላይ ከሚሆነው ጋር ይመጣጠናል። እንዲህ የተነገረው ሰው ራጁን ከልክ በላይ አይፈራም፤ ሲቲውንም ያለ ምክንያት አይጠይቅም።

የጎሣው በርና የሴቲቱ ቃል

ስለ አፋርና ስለ ሌሎች አርብቶ አደር ሕዝቦች ስንናገር ልናልፈው የማንችለው ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ምጥ ሲጠናባት ወደ ሆስፒታል ትሂድ ወይስ አትሂድ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስኑት ባል፣ ታላላቅ ሴቶችና የጎሣ ሽማግሌዎች ናቸው። ምክክሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ መኪና የሚፈልገው፣ ደም የሚለግሰው፣ ልጆቿን የሚጠብቀው ይኸው ማኅበረሰብ ነውና። ነገር ግን የተዘጋ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ሽማግሌዎቹ እስኪሰበሰቡ በሚያልፉት ሰዓታት እናትም ልጅም ሊሞቱ፣ ወይም እናቲቱ ለፊስቱላ ልትዳረግ ትችላለች።

በእኛ አስተያየት ሁለቱን ነገሮች መለየት ይገባል። የጎሣው መሪ በር ይከፍታል፤ ፈቃዱ ግን የሴቲቱ ነው። በሩን ለመክፈት የሚደረገው ምክክር ምጡ ከመምጣቱ በፊት፣ በእርግዝናዋ ወራት በክትትል ጊዜ ሊጠናቀቅ ይገባዋል። ያን ጊዜ ሴቲቱ ራሷ ተጠይቃ፣ ባሏና ሽማግሌዎቹ ሰምተው፣ ሁሉም ያወቀው ውሳኔ ይሆናል። ሕመምተኛዋ ራሷን ስታ መናገር የማትችልበት ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ግን ሐኪሙ ሕይወት የማዳን ግዴታ አለበት፤ ፊርማ ፍለጋ ሰው አይሞትም።

ከሰርዶ የምንማረው

አንባቢያችን እንዳስተዋለው፣ እኚያ አዛውንት ሳጥናችንን በጠየቁን ጊዜ መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚያስተምሩትን ሁሉ ፈጽመውታል። ዓላማውን ጠየቁ፤ ጉዳቱን ጠየቁ፤ ጊዜውን ጠየቁ፤ የሚገኘው መረጃ ለማን እንደሚደርስ ጠየቁ፤ እንቢ ማለት ይቻል እንደሆነም ጠየቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተነገራቸውን በራሳቸው ቃል መልሰው ነገሩን፤ ስሕተቱም የታረመው በዚህ ነው። ዛሬ በዓለም ሆስፒታሎች ሐኪሞች ከሚመከሩባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። «ገባዎት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «አዎን» ይላል። «ቤትዎ ሲደርሱ ለቤተሰብዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» የሚለው ግን የደረሰውንና የቀረውን ይለያል። በኤሌክትሮኒክስ እንደምናውቀው፣ ግብረ መልስ የሌለው ሥርዓት የራሱን ስሕተት ማረም አይችልም።

ስለዚህ በመረዳት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ለአፋር እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንግዳው ነገር ቅጹ ነው፤ ያውም በማያነቡት ፊደል የታተመው ቅጽ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይናገራል። ይህ እኩልነት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ሰው በሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። አፋርኛ የሚችል የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ በድምፅ የሚነገር መልእክት፣ መረዳትን በመልስ ንግግር ማረጋገጥ፣ እነዚህ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

አዛውንቱ ከብዙ ቀናት ውጣ ውረድ በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው ቱቦው እንደ ወጣላቸው ተማሪያችን በስልክ ነግሮናል። በዚህ ጊዜ አብሯቸው የሄደው የእኅታቸው ልጅ ነበር። ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር ጠይቀው፣ መልሱንም መልሰው ለሐኪሙ እንደ ነገሩት ሰምተናል።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ነገ ሐኪም፣ ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም በሰው ቀዬ መሣሪያ የሚተክል ተመራማሪ የሚሆን አለ። የቀራችሁትም አንድ ቀን አባትን ወይም እናትን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ትቀመጣላችሁ። በዚያን ጊዜ አስተርጓሚዎቹ እናንተው ናችሁ።

ለውይይት

1. በቤተሰባችሁ ውስጥ የታከመ ሰው ካለ፣ ምን እንደተደረገለትና ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የነገራችሁን ከመውጫ ወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ምን ጎደለ?

2. መልእክት በአራት ሰዎች በኩል ቢያልፍና በእያንዳንዱ ከዐሥር ሁለት እጁ ቢጠፋ፣ በመጨረሻ ስንት እጁ ይደርሳል? ግብረ መልስ ይህን ስሌት እንዴት ይለውጠዋል?

3. «ለአባቴ ካንሰር እንዳለበት እንዳትነግሩት» ብሎ ልጁ ሐኪሙን ቢለምን፣ ሐኪሙ አባትዬውን ሳያስደነግጥ ፈቃዱን ሊያውቅ የሚችልበትን ጥያቄ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ።